ውጤቱን ከነገራችሁን በጀቱንም ንገሩን

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ከዜናው ሁሉ ልብ የሚሰብረው አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዛት ነው። በ2014 ዓ.ም. 1,161 ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 1,328 ደረሱ። ከተፈታኞቹ መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነዋል። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠቱ ኩረጃውን ስለገታው ትክክለኛ እርምጃ ነበር ብዬ አምናለሁ። እውነቱን ማወቃችን መልካም ነው።

ነገር ግን የተነገረን ግማሹ እውነት ነው። ዜሮ ያስመዘገበው ትምህርት ቤት በዚያ ዓመት ስንት ብር እንደደረሰው የነገረን የለም። ቁጥሩ ይወጣል፣ ወላጅ ያለቅሳል፣ መምህሩ ይወቀሳል፣ ልጁ ሰነፍ ይባላል፤ የብሩ ጉዳይ ግን አይነሳም።

ገንዘቡ የሚወርድበትን መንገድ እንከተለው። የፌዴራል መንግሥት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ባወጣው ቀመር ለክልሎች ድጎማ ያከፋፍላል። ክልሉ ለወረዳው በጥቅል ይመድባል። ወረዳው ከሁሉ አስቀድሞ ደመወዝ ይከፍላል፤ መክፈልም አለበት፤ በየአካባቢው ደመወዛቸው ወር እየዘለለ የተቸገሩ መምህራን ምን ያህል እንደተጎዱ አይተናል። ከደመወዝ ተርፎ ለጠመኔ፣ ለመጽሐፍ፣ ለቤተ ሙከራና ለጥገና የሚውለው ግን ከእጅ ወደ አፍ እንኳ የማይደርስ ነው። በትምህርት ቤቱ ስም የሚላከው ገንዘብ በዋናነት የትምህርት ቤት ድጎማ የሚባለው ነው። ድጎማው በ2001 ዓ.ም. ገደማ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በለጋሾች ድጋፍ ሲጀመር ለአንድ የታችኛው ክፍል ተማሪ በዓመት የሚታሰበው 50 ብር ገደማ ነበር። ያ ብር ዛሬ ለአንድ ደህና ደብተር እንኳ አይበቃም።

አንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የገቢና ወጪ መዝገባቸውን ገልጠው አሳይተውኛል። ከገቢው ዓምድ ላይ ጎልቶ የሚታየው የመንግሥት በጀት አልነበረም፤ ከግቢው የታጨደ ሣር በጨረታ የተሸጠበት ነበር። ከሥሩ የባሕር ዛፍ ሽያጭ አለ። ከዚያ የወላጆች መዋጮ፤ ከጥቂቶቹ ስም ጎን «አልከፈለም» ተብሎ ተጽፏል። በወጪው በኩል ጠመኔ፣ ቁልፍ፣ የበር ማጠፊያ፣ የፈተና ማባዣ ወረቀት። «ሣሩ ባይኖር ፈተናውን ሰሌዳ ላይ ነበር የምንጽፈው» አሉኝ። የአንደኛ ክፍል ልጆች የተቀመጡት በጭቃ መደብ ላይ ነው፤ አንዱን መጽሐፍ አራት ልጆች ከበውታል፤ ዳር ያለችው ልጅ የምታየው ገጹን በጎን ነበር።

የዚያች ልጅ የ12ኛ ክፍል ውጤት እዚያ መደብ ላይ መጻፍ ጀምሯል። የዓለም ባንክ እንደሚለው በኢትዮጵያ የአሥር ዓመት ዕድሜ ካላቸው ከአሥር ልጆች ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። አራተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ሲመጣበት ምን ሊሆን ነው? እኛ የምንደነግጠው ግን ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ውጤት ሲለጠፍ ነው። ገንዘቡም ይህንኑ ድንጋጤ ይከተላል፤ ለተፈታኞች ማጠናከሪያ፣ ለወደቁት በዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርት። ይህ አያስፈልግም አልልም። ግን ከታች ቢጀመር ወጪውም ይቀንስ፣ ስንት ልጅም ይተርፍ ነበር።

«ገንዘብ ብቻውን ትምህርት አያሻሽልም» የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ማግሥት ትምህርት ከመንግሥት በጀት ትልቁን ድርሻ ከሚወስዱት አንዱ ሆኖ ቆይቷል፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪውም ከሦስት ሚሊዮን በታች ተነስቶ ወደ 20 ሚሊዮን ተጠግቷል። ይህ ቀላል ድል አይደለም። የእረኛው ልጅ፣ የገበሬዋ ሴት ልጅ ክፍል ውስጥ የገቡት በዚያ ገንዘብ ነው። ችግሩ ገንዘቡ በር ከፍቶ ልጁን ካስገባ በኋላ በሩ ላይ መቅረቱ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ በመንግሥት ላይ ጥሏል። በብር ቢጨምር እንኳ የዋጋ ንረቱ ከበላው ጨመረ አይባልም።

አሁን ክፍተቱን ሕዝቡ እንዲሞላ እየተጠየቀ ነው። «ትምህርት ለትውልድ» በተባለው ንቅናቄ የተሠሩ ክፍሎችን አይቻለሁ፤ ዳስ ውስጥ ይማሩ የነበሩ ልጆች ጣራ አግኝተዋል። ያዋጡትን ሁሉ ያክብርልን። ሆኖም መዋጮ የሚያለማው ያለው ሰው ያለበትን ቦታ ነው። ነጋዴና ዲያስፖራ ያለው ቀበሌ ባለ ፎቅ ሲሠራ፣ ድርቅና ጦርነት የደቆሰው ቀበሌ ምን ያዋጣል? ያንን ማመጣጠን የመንግሥት በጀት ሥራ ነው። ወላጁ የሣሩን ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ሲሰማ፣ ወረዳው የመደበውን ግን አያውቅም።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የትምህርት ቤቱ ውጤት በሚገለጽበት ቀን በጀቱም ጎን ለጎን ይገለጽ፤ ስንት ተመደበ፣ ስንቱ ደረሰ፣ ከደመወዝ ውጭ በአንድ ተማሪ ስንት ብር ወጣ። አይቻልም እንዳይባል፣ የወረዳ በጀትን በሰሌዳ መለጠፍ በብዙ ወረዳዎች የተሞከረ ነው። ነገር ግን «ትምህርት» የሚል አንድ መስመር ብቻ ሲለጠፍ ወላጅ የልጁን ትምህርት ቤት አያገኝበትም። መስመሩ በየትምህርት ቤቱ ይዘርዘር፤ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ድርሻም ለብቻው ይታይ። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የወረዳ ምክር ቤት አባላት እጃቸውን አውጥተው በጀት ከማጽደቃቸው በፊት ይህ ዝርዝር ጠረጴዛቸው ላይ ይቅረብላቸው፤ ካልቀረበላቸውም ይጠይቁት።