ስፋቱ አንድ፥ መንገዱ ሁለት

ባለፈው ወር በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ አንድ ባቡር ተገለበጠ። አትደንግጡ፤ የሞተም የቆሰለም ሰው የለም። ባቡሩ ቁመቱ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ መጫወቻ ነው። ነገር ግን የተገለበጠው በእኔ በመምህሩ ስሕተት ስለ ሆነ፥ ደብቄው ከምቀመጥ ለእናንተ ባጫውታችሁ ይሻላል አልሁ።

የደሴ ልጅ የባቡር ወሬ ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ የተነጠፈውን አዲስ ሐዲድ ያያልና። ስለዚህ የሳይንስ ክበባችን ተማሪዎች በአትክልቱ ቦታ ትንሽ የባቡር መንገድ እንሥራ ሲሉ እሺ አልኋቸው። አንዱን ሣጥን የአንዲት ተማሪ አጎት ከውጭ አገር ላከላት፤ ሁለተኛውን በመዋጮ ከአዲስ አበባ አሮጌ ገዛን። ፋብሪካቸው የተለያየ ነው፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ግን በሁለቱም 45 ሚሊ ሜትር ነው።

ይህ ልክ በአትክልት ቦታ ባቡር ዘንድ የታወቀ ነው። ኤል.ጂ.ቢ. የተባለው የጀርመን ባቡር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ከወጣ ወዲህ እጅግ ተስፋፍቷል። አንድ ሜትር ለ22.5 ሲካፈል ወደ 45 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የቀድሞው የጅቡቲ አዲስ አበባ ሐዲድም ስፋቱ አንድ ሜትር ስለ ነበረ፥ ልጆቹ የዘረጉት የእርሱን ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል።

ከሁለተኛው ሣጥን ውስጥ አንድ ጥምዝ መገንጠያ ተገኘ። መገንጠያ ማለት ባቡሩ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው የሚሻገርበት የሐዲድ ክፍል ነው፤ ጥምዝ የሚባለውም ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ ወገን የሚታጠፉበት ነው። ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ሣጥን ክብ ውስጥ እናግባው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳልለካ፥ «45 ሚሊ ሜትር የትም 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ አግቡት!» ብዬ ፈረድሁ።

ክቡ አልገጥም አለ። ልጆቹም እየገፉ በግድ አገጣጠሙት። መኪናው አለፈ፤ ሠረገሎቹ ግን ተራ በተራ ወደቁ። ከዚያ በኋላ የሣጥኑ ባለቤቶችና መዋጮ የከፈሉት በሁለት ወገን ተከፍለው ተኳረፉ። አንዱ ወገን «የእናንተ ሐዲድ ጠማማ ነው» ይላል፤ ሌላው «የእናንተ ነው» ይላል። ባቡሩ ቀርቶ ክበቡ ሊፈርስ ሆነ።

በማግሥቱ ማስመሪያ ይዘን ቁጭ አልን። የመጀመሪያው ፋብሪካ ጥምዝ ከመካከሉ እስከ ሐዲዱ 76.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የመገንጠያው ደግሞ 92 ነው። ክቡ እያንዳንዳቸው 30 ዲግሪ ከሆኑ 12 ቁራጮች የተሠራ ነው። ታዲያ ከ12ቱ አንዱ ብቻ ሲለወጥ የክቡ አፍ በ8 ሴንቲ ሜትር ይዛነፋል። በሌላም በኩል የአንደኛው ሐዲድ ቁመት 8.4 ሚሊ ሜትር፥ የሁለተኛው 6.35 ሆኖ ስለ ተገኘ፥ መንኰራኵሩ በመጋጠሚያው ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ደረጃ ይዘል ነበር። ሁለቱም ፋብሪካዎች አልዋሹም፤ ሐዲዳቸውም ጠማማ አልነበረም። ጠማማው የእኔ ፍርድ ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ሆነ። መንገዱን በሙሉ ልኩ በክፍሉ ወለል ላይ በጠመኔ ነደፍነው። መገንጠያውን ከክቡ አውጥተን ከራሱ ፋብሪካ ጥምዞች ጋር አዋቀርነው። ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙትም በቀጥታው ሐዲድ ላይ ብቻ እንዲሆን አደረግን። ዝቅ ያለው ሐዲድ ከሥሩ የሚደገፍበትን ስስ ናስ የቈረጡልን አንድ ሽማግሌ ብረት በያጅ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁና፥ «ልጄ፥ እኔ በር ስሠራ ከሁሉ በፊት የምለካው ማጠፊያውን ነው» አሉኝ።

በአንድ ቅዳሜ ክበቡን ይዤ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ይህ መስመር ርዝመቱ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ያፒ መርኬዚ የተባለው የቱርክ ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ተዋውሎ በ2015 ሥራ የጀመረበት ሲሆን፥ የተሠራውም በአውሮፓ ደረጃ ነው። አዋሽ ላይ የሚያገኘው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ግን በቻይና ድርጅቶች በቻይና ደረጃ ተሠርቶ በ2016 የተመረቀ ነው። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚሄደውም ለቻይና ድርጅት የተሰጠ ነበር። የሦስቱም ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው።

ለተማሪዎቹም እንዲህ አልኋቸው። የቀድሞው የኤርትራ ሐዲድ ስፋቱ 950 ሚሊ ሜትር፥ የድሬዳዋው 1,000 ነበር፤ በ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። ስፋቱ አንድ ቢሆንም እንኳ ነገሩ አያልቅም። በሜትር 60 ኪሎ የሚመዝነው የአውሮፓ ሐዲድ ቁመቱ 172 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ እንደዚያው 60 ኪሎ የሚባለው የቻይናው 176 ነው። ከሐዲዱም ሌላ የምልክቱ፥ የሠረገላው ማያያዣና የመገንጠያው ልክ መስማማት አለበት።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፥ «መምህር፥ ታዲያ አዋሽ ላይ ማስመሪያ የሚይዘው ማን ነው?» አለች።

ይህን ጥያቄ ወደ እናንተ አስተላልፋለሁ፤ በተለይም በየመሥሪያ ቤቱ በጀማሪነት ለተቀመጣችሁ ጓደኞቼ። ይህ መስመር አብዛኛው ሥራው ካለቀ በኋላ የኤሌክትሪክ ኃይል እስኪመጣለት ዓመታት ጠብቋል፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲረግጥም አይተናል። እንደዚህ ብዙ የተደከመበት ነገር በመጋጠሚያ ምክንያት ዳግመኛ ሊቆም አይገባውም። ማስመሪያውን የሚይዙት ታላላቆቹ ባለሥልጣኖች ብቻ አይደሉም፤ የጨረታውን ሰነድ የሚጽፈው፥ የዕቃውን ዝርዝር የሚያመሳክረው፥ «ስፋቱ አንድ ነው» በሚለው ቃል ላይ ሳይለካ የማይፈርመው ትንሹ ጸሐፊ ጭምር ነው። የውሃ ቧንቧም ሆነ የሐኪም ቤት መሣሪያ ከሁለት አገር ሲገዛ ነገሩ ያው ነው።

ባቡራችን አሁን ሳይወድቅ ይዞራል፤ የተኳረፉትም ልጆች ታርቀው መገንጠያውን በተራ ይጠብቃሉ። እኔም «አግቡት» ከማለቴ በፊት ማስመሪያ መፈለግን ተምሬአለሁ።

በሚመጣው ሳምንት በደኅና ያገናኘን።