ካሜራው ያላየው ምስል

ተንቀሳቃሽ ምስል በእርግጥ አይንቀሳቀስም። ፍሬም የሚባሉ ነጠላ ምስሎች በፍጥነት ሲፈራረቁ ዓይንና አእምሮ ተባብረው እንቅስቃሴ ያደርጓቸዋል። በአንድ ሰከንድ የሚፈራረቁት ፍሬሞች ቁጥር ግን በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም። ባለድምፅ ሲኒማ 24 ፍሬም ይዞ አደገ። ቴሌቪዥን የየአገሩን የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ ተከተለ፤ 50 ኸርዝ የሚጠቀሙት ኢትዮጵያና አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች 25፣ 60 ኸርዝ የምትጠቀመው አሜሪካ ደግሞ 30 ፍሬም ያዙ። የአሜሪካው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1953 ከጸደቀው የባለቀለም ሥርጭት ደረጃ ጋር ወደ 29.97 ዝቅ ብሏል። በካሴት ዘመን ከአዲስ አበባ አሜሪካ ላሉ ዘመዶች የሚላክ የሠርግ ቪዲዮ በዚያ አገር ማጫወቻ እንዲታይ መለወጥ ከነበረበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው።

ጥራቱ ሳይጓደል ከአንዱ ፍጥነት ወደ ሌላው እንዴት ይለወጣል የሚለው ጥያቄ ዘወትር ይነሣል። እኛ ግን ከዚያ በፊት ሊመለስ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ እንላለን። እንዲጠበቅ የተፈለገው ፍሬሙ ነው ወይስ ጊዜው? ከ25 ወደ 50 እንደመሄድ ያለ ሙሉ ብዜት ካልሆነ በቀር ሁለቱን አሟልቶ መጠበቅ አይቻልም።

ባለ 24 ፍሬሙ ፊልም በእኛና በአውሮፓ ቴሌቪዥኖች ለብዙ ዓመታት የታየው እንዲሁ ፈጠን ተደርጎ ነው። አንድም ፍሬም አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። የ100 ደቂቃው ፊልም በ96 ደቂቃ ያልቃል፤ የድምፁም ድግግሞሽ በ4 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ካልታረመ በስተቀር፣ የተዋንያኑ ድምፅ ይቀጥናል። አሜሪካኖች በፈንታው ጊዜውን ጠብቀው አራቱን ፍሬም በአምስት ፍሬም ቦታ ዘረጉት፤ ፍሬሞቹ በየተራ ለሁለትና ለሦስት ግማሽ ምስል ያህል ይቆያሉ። ካሜራው በዝግታ ሲዞር እንቅስቃሴው ትንሽ ያነክሳል። ይሁን እንጂ ድግግሞሹ ሥርዓት ስላለው የተደገመውን ለቅሞ ወደ 24ቱ መመለስ ይቻላል። ሁለቱም ዘዴዎች ጉድለት አለባቸው፤ ነገር ግን ጉድለቱ የሚታወቅና የሚመለስ ነው።

ዛሬ በየኮምፒዩተሩ የሚገኘው ዘዴ ከእነዚህ የተለየ ነው። ፕሮግራሙ ሁለት ተከታታይ ፍሬሞችን ያነጻጽርና የምስሉ ቁራሽ ከየት ወዴት እንደተጓዘ ገምቶ፣ በመካከሉ ሊሆን ይችላል ያለውን ምስል ይሠራል። ውጤቱ ለዓይን እጅግ ለስላሳ ነው። ባለ 25 ፍሬም ቪዲዮ በዚህ መንገድ ወደ 30 ቢለወጥ ግን በየሰከንዱ ከመጀመሪያው ፍሬም ጋር በጊዜ የሚገጥሙት አምስት ብቻ ናቸው። የቀሩት 25 ካሜራው ያላያቸው ናቸው። ፊት ለፊት ያለፈ እጅ ሲደበዝዝ ወይም የመኪና ጎማ ቃጫ መስሎ ሲበታተን ያየ ሰው ግምቱ የት ላይ እንደሚስት ያውቃል፤ የበለጠ የሚያሳስበን ግምቱ ያለ እንከን የተሳካ በሚመስልበት ጊዜ ነው።

ለፊዚክስ ተማሪ ነገሩ ቀልድ አይደለም። የምትወድቅ ኳስ ቀርጾ የስበትን ፍጥንጠት የሚለካ ተማሪ፣ ቪዲዮው ከ24 ወደ 25 የፈጠነ መሆኑን ካላወቀ፣ በ9.8 ፈንታ 10.6 ሜትር በሰከንድ ካሬ ያገኛል፤ የጊዜው ስሕተት በካሬ ይባዛልና። ፍሬሞቹ በግምት የተሞሉ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ቀላሉ ግምት ኳሷ በሁለት ፍሬሞች መካከል በእኩል ፍጥነት እንደተጓዘች ስለሚቆጥር፣ ተማሪው የሚለካው ተፈጥሮን ሳይሆን የፕሮግራሙን ቀመር ይሆናል።

የታሪክ ምስልም ከዚህ አይለይም። ፒተር ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘጋቢ ፊልም በእጅ በሚዞር ካሜራ የተነሡትን ቅጂዎች ወደ 24 ፍሬም አምጥቷቸዋል። ሥራው መልካም ነው፤ እንዴት እንደተሠራም ለተመልካች ተነግሯል። የሉሚየር ወንድማማቾች የባቡር ፊልም እ.ኤ.አ. በ2020 በኮምፒዩተር ወደ 60 ፍሬም ተለውጦ በዓለም ዙሪያ ሲሰራጭ ግን ከፍሬሞቹ አብዛኞቹ በስሌት የተሠሩ መሆናቸውን ሳያውቅ የተመለከተው ሰው ብዙ ነው።

የእግር ኳስ ጨዋታን ከአህጉር ወደ አህጉር በቀጥታ ለማስተላለፍ ይህ ዘዴ እንደሚያስፈልግ አንክድም። የምንቃወመው በመዝገብ ቤትና በቤተ ሙከራ ሲገባ ነው። በተለይ የድሮ የቪዲዮ ካሴቶች ወደ ዲጂታል ሲገለበጡ ጥንቃቄ ያሻል። በካሴቱ ላይ በየሰከንዱ 50 ግማሽ ምስሎች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ቅጽበት አለው። ጥንዶቹን አዋሕዶ 25 ማድረግ የእንቅስቃሴውን ግማሽ ይጥላል፤ ስለዚህ ቅጂው ሃምሳውንም እንደያዘ መቀመጥ ይገባዋል። ለማየት የሚመች ሌላ ቅጂ ከዚያ በኋላ በማንኛውም ጊዜ ይወጣል። አዲስ የሚቀርጽም ሰው በአገራችን መብራት ሥር 25 ወይም 50 ፍሬም ቢመርጥ ይሻለዋል፤ በ30 የተቀረጸ ምስል በአምፖሉ ምክንያት ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል።

በቤተ ሙከራ ዘገባም ሆነ በካሴት መዝገብ ላይ ሦስት ነገሮች ቢጻፉ ይበቃናል፦ በስንት ፍሬም ተቀረጸ፣ ወደ ስንት ተለወጠ፣ የተጨመረው ፍሬም የተደገመ ነው ወይስ የተገመተ።