አፍ የሌለው ውሻ ለጋዜጠኛ ምን ያስተምራል?

“አኒሜሽን የልጆች ነው” የሚለው አነጋገር በእኛ ዲፓርትመንት ውስጥም ይሰማል። ትንሽ ቀረብ ብለው ያዩት ደግሞ በጭቃ አሻንጉሊት የተሠራ ፊልም ሲያጋጥማቸው “የሰዎቹ ትዕግስት!” ብለው አድንቀው ያልፋሉ። እኔ ግን በሁለቱም አልስማማም። ትዕግስቱ ቀርቶብን አተራረኩን ብናይ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚጠቅም ትልቅ ነገር አለው ባይ ነኝ።

ምሳሌዬ “ዋላስ ኤንድ ግሮሚት፦ ዘ ከርስ ኦፍ ዘ ዌር ራቢት” የተሰኘው ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሲሆን ያዘጋጁት ኒክ ፓርክና ስቲቭ ቦክስ ናቸው። የሠራው በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ የሚገኘው አርድማን ስቱዲዮ ነው። በ2006 በምርጥ አኒሜሽን ፊልም ዘርፍ ኦስካር አግኝቷል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዋላስ አይብ ነፍሱ የሆነ፣ ማሽን መፈልሰፍ የማይሰለቸው ሰውዬ ነው። ግሮሚት ደግሞ ውሻው ነው። የግዙፍ አትክልቶች ውድድር ሲቃረብ ሁለቱ የሰፈሩን ጓሮ ከጥንቸል የመጠበቅ ሥራ ይይዛሉ። ዋላስ ጥንቸሎቹ አትክልት እንዲጠሉ አደርጋለሁ ብሎ በማሽኑ ሲሞክር ነገሩ ይበላሻል። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት ጓሮ የሚያወድም ግዙፍ ጥንቸል ይነሳል። አውሬው ለካ ራሱ ዋላስ ነው!

አሠራሩስ? አሻንጉሊቱ ከውስጥ የብረት አጽም፣ ከላይ ፕላስቲሲን የሚባል ቶሎ የማይደርቅ ጭቃ አለው። አኒሜተሩ በጥቂቱ ያንቀሳቅሰዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ እንደገና ያንቀሳቅሰዋል። ለ1 ሰከንድ 24 ምስል ያስፈልጋል። አንዱን አቋም ሁለት ሁለት ጊዜ ቢያነሱት እንኳ ለ1 ሰከንድ 12 ጊዜ፣ ለ1 ደቂቃ 720 ጊዜ አሻንጉሊቱን መንካት ነው። ይህ ፊልም ደግሞ 85 ደቂቃ ያህል ይረዝማል።

እዚህ ላይ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን እንቁላሉ በእግሩ የሄደው ስለዘገየ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ጫጩት ስለነበረ ነው። ባዶ ታሪክ አሥር ዓመት ቢታቀፉት አይፈለፈልም። አርድማኖች ራሳቸው ልፋትን ለልፋትነቱ አያመልኩትም። በዚሁ ፊልም ውስጥ ጥንቸሎችን በሚስበው ማሽን ሆድ ውስጥ የሚንሳፈፉት ጥንቸሎች በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው። ለታሪኩ የሚበጀው እሱ ስለሆነ ተጠቀሙበት፣ በቃ።

የዘገምተኛው አሠራር ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ዋጋ ስለሚያስከፍል ዝም ብሎ የሚገባ እንቅስቃሴ የለም። ቅንድብ ከፍ ካለ ከፍ እንዲል የወሰነ ሰው አለ ማለት ነው።

የዚህ ምርጥ ማስረጃ ግሮሚት ነው። ግሮሚት አፍ የለውም። ኒክ ፓርክ ገና ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1982 በጀመረውና በ1989 በወጣው የመጀመሪያው የዋላስና የግሮሚት ፊልም ላይ ውሻው እንዲናገር አስቦ ነበር። ሲሠራው ግን ዓይኑና ግንባሩ ብቻ እንደሚበቁ አየ፤ ንግግሩንም ተወው። በ2005ቱ ፊልም ግሮሚት ለውድድሩ እንደ ልጅ ተንከባክቦ ያሳደገው ግዙፍ ዝኩኒ አለው። ጌታውን ለማዳን ያንኑ ዝኩኒ ማጥመጃ አድርጎ ያቀርበዋል። አንድም ቃል አይናገርም፤ እኛ ግን ምን እንደከፈለ እናውቃለን። ከዚያ በፊት ሲያጠጣውና ሲለካው አይተናላ!

ዋላስ በተቃራኒው ወሬኛ ነው። የፊልሙ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዋላስ “ሁሉም ደህና ነው” በሚልበት ሰዓት የግሮሚት ዓይን “ኧረ ጉድ ፈላ!” ይላል። ቃሉ አንድ ሥራ አለው፣ ምስሉ ሌላ። አንዱ የሌላውን አይደግምም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የተማሪ ዶክመንተሪ ሲታይ ብዙ ጊዜ ምን እናያለን? አንዲት እናት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ተራኪው “እኚህ እናት እንጨት ተሸክመው እየወረዱ ነው” ይለናል። አየናቸው እኮ! ከዚያ “ኑሮ ከብዷቸዋል” ይልና አሳዛኝ ሙዚቃ ይለቃል። ጀርባቸው የተናገረውን አፍ ደገመው። ይልቅ እንጨቱን ስንት እንደሚሸጡት፣ ከዚያ ላይ ለማን ስንት እንደሚተርፍ ቢነግረን ቃሉ ሥራ በሠራ ነበር።

“ያ ልብ ወለድ ነው፣ ጋዜጠኛ ያለ ቃል አይሠራም” የሚል ሊኖር ይችላል። ትክክል ነው። ስም፣ ቀንና ቁጥር ቅንድብ አይነግረንም። እኔም ቃል ይጥፋ አላልኩም፤ ምስሉ የማይችለውን ይሥራ ነው የምለው። በዚያ ላይ የእኛ ባለታሪኮች አሻንጉሊት አይደሉም። ምን እንደተሰማቸው እኛ ከላይ ስንጭንባቸው ራሳቸው የሚናገሩትን እየቀማናቸው ነው።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን መምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ። በቴሌቪዥን ኮርስ የመጀመሪያው የተግባር ሥራ 1 ደቂቃ የሚረዝም፣ ተራኪም ሙዚቃም የሌለው እውነተኛ ታሪክ ይሁን። ውድ ካሜራ አይጠይቅም፣ ሞባይልም ይበቃል። ሠርተን ለክፍል ጓደኞቻችን እናሳያቸው። ምን እንደሆነ ከገባቸው ትረካ መጻፍ እንማር፤ ካልገባቸው ተመልሰን እንቅረጽ።