ቃል የሌለው ዜማ በቤታችን

ከቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት የሚከተለውን ጥያቄ ልከውልናል። «የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ማታ ትምህርቷን ስታጠና በጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታ ሙዚቃ ትሰማለች። አባቷ ‹በቤቴ ዘፈን አይሰማም› ብለው ማዳመጫውን ወሰዱባት። እርስዋ ደግሞ ‹ዘፈን አይደለም፤ በመሣሪያ ብቻ የሚጫወቱት ቃል የሌለው ነው፤ ቃል ከሌለው ምን ክፉ ነገር ይናገራል?› ትላለች። አባትና ልጅ ከተነጋገሩ ሁለት ሳምንት አለፈ። ለየትኛው ልፍረድ?»

በአባትና በልጅ መካከል ገብቶ መፍረድ የዚህ ዐምድ ሥልጣን አይደለም። ዳሩ ግን ነገሩ የብዙ ቤት ነገር ስለ ሆነ የሚመስለንን እንናገራለን።

በዜማ ቤት ላደገ ሰው «ቃል የሌለው ዜማ» የሚለው አነጋገር መጀመሪያ ግር ይለዋል። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ የደረሰልን ዜማ ሁሉ የቃል አገልጋይ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁት ምልክትም ከፊደሉ ራስ ላይ ይጻፋል እንጂ ብቻውን በብራና ላይ አይቀመጥም። ይልቁንም ምልክቱ ራሱ ከሌላ ቃል የተቀነጨበ ፊደል ነው፤ መሪጌታው ያን ባየ ጊዜ ዜማው የተወሰደበትን ቃል ያስታውሳል።

በዓለማዊው መሣሪያም ቢሆን የአገራችን ልማድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አዝማሪ ግጥሙን ትቶ ማሲንቆውን ብቻ ሲመታ፥ ቃሉን የሚያውቅ ሰሚ በልቡ ይሞላዋል። ስለዚህ ልጅቱ «ቃል የለውም» ማለቷ ግማሽ እውነት ነው፤ ቃሉ አለ፤ እርስዋ ግን የነገራት ሰው የለም። አባትዋም ሁሉን «ዘፈን» ብለው በአንድ ከረጢት መክተታቸው እንዲሁ ግማሽ እውነት ነው። ማዳመጫውን ይመልሱላት አንልም፤ ከጆሮ ማዳመጫ ይልቅ ሁሉም በአንድነት በሚሰማው ማጫወቻ ይከፈትና አባትም ከጎንዋ ይቀመጡ እንላለን። ምን ይከፈት ለሚለው ግን እነሆ።

ጠያቂያችን ከሚኖሩበት አደባባይ ሽቅብ ቢወጡ ማዘጋጃ ቤቱን፥ ከዚያም ወዲያ አራዳ ጊዮርጊስንና በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተውን የሀገር ፍቅርን ያገኛሉ። ቁልቁል ቢወርዱ በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተከፈተውን የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር ያገኛሉ። ከፒያሳ ሰፈሮች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ቢፈርሱም፥ ይህ ዳገት የዘመናዊ ሙዚቃችን መንገድ መሆኑ አልተረሳም። የነሐስ መሣሪያ ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩስያ ንጉሥ በስጦታ መጣ፤ በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወላጆቻቸውን ያጡ አርባ የአርመን ልጆችን በኢየሩሳሌም አግኝተው ለሙዚቃ ጓድ አስመጧቸው።

ከዚህ መንገድ ከተነሡት አንዱ አቶ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ጀምረው ኋላ ወደ ቴአትሩ ተሻገሩ፤ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ዐረፉ። የእርሳቸው ታላቅ ሥራ ሽለላን ከጀግናው አፍ ወስደው በሳክስፎን ማናገራቸው ነው። ሳክስፎኑ ይፎክራል፥ ይቆጣል፥ ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ይነሣል። ሽለላ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ግን ጩኸት ብቻ ይመስለዋል። በቤታችሁ አያት ካሉ አስቀድመው ይሸልሉ ዘንድ ለምኗቸው፤ ከዚያ በኋላ ሳክስፎኑን ክፈቱ። ድምፁን ዝቅ ማድረግም አይከፋም፤ ጎረቤት አለና።

ስለ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ግን ሰፋ አድርገን መናገር እንወዳለን። በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፥ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩም እኅት ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊስ ተላኩ፤ በዚያም ቫዮሊን ተማሩ። በፋሺስት ወረራ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘዋል፤ ኋላም በካይሮ ሙዚቃ አጥንተዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ይህን ዓለም ትተው መነኰሱ፤ በግሸን ማርያም ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ወደ ፒያኖ የተመለሱበት ምክንያት ለዚህ መጽሔት አንባብያን ሊነገር የሚገባው ነው፤ በጎንደር የያሬድን ዜማ የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች በደጅ ሲያድሩ አይተው፥ የሚሰጡት ገንዘብ ስለሌላቸው በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ቈረጡ። ሸክላው በጀርመን አገር ታተመ። ኋላ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

«የእናት ፍቅር»፥ «የዮርዳኖስ ወንዝ ዜማ»፥ «ጌቴሴማኒ» የሚል ትርጉም ያላቸውን ድርሰቶቻቸውን በዚህ ተራ ስሙ። ቀኝ እጃቸው የአገራችንን ቅኝት እያንጠባጠበ ሲሄድ ግራው ከፈረንጅ አገር የተማሩትን ይዞ ይከተለዋል፤ ሁለቱ አይጣሉም። ርእሱ መንፈሳዊ ነው ተብሎ ግን የቤተ ክርስቲያን ዜማ እንዳይመስላችሁ፤ የአንዲት መነኩሲት የብቻ ሐሳብ ነው። ልጅቱ በምታጠናበት ሰዓት አባትዋ ይህን ቢሰሙ ቁጣቸው ይበርዳል ብለን እናምናለን።

ከእርሳቸው ቀጥሎ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በሶፍያ የተማሩት አቶ ግርማ ይፍራሸዋ አሉ። ክራር በልጅነታቸው ስለ ተጫወቱ ይመስለናል፥ ፒያኖአቸው የክራር ጣት አለው። ስለ እረኛና ስለ ዋሽንቱ የደረሱትን ለሕፃናት አሰሙ። የራሱን የዋሽንቱን ድምፅ ለመስማት የሚፈልግ ደግሞ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ይፈልግ። ይህ ጓድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በግብፃዊው ተወላጅ በሐሊም ኤል ዳብህ ተመሥርቶ ኋላ በአቶ ተስፋዬ ለማ የተመራ ነው፤ ለየብቻቸው ይጫወቱ የነበሩትን ማሲንቆ፥ ክራር፥ ዋሽንትና እምቢልታ በአንድነት አስቀምጧል።

ከውጭ አገር ሁለት ብቻ እንጨምር። አንቶንዮ ቪቫልዲ የተባለው የቬኒስ ካህን ስለ አራቱ ወቅቶች የደረሰው የቫዮሊን ሙዚቃ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1725 ሲታተም ከግጥም ጋር ነበር፤ በጸደዩ ክፍል እረኛው ተኝቶ ውሻው ሲጮኽ ይሰማል። ቃል ያለው ዜማ የእኛ ብቻ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። ዮሐን ሰባስትያን ባኽ ደግሞ ለአንድ ቼሎ ብቻ ስድስት ድርሰት ትቶልናል። ማሲንቆ የለመደ ጆሮ አንድ ሰው ብቻውን በደጋን እየሳበ ቤት ሲሞላ አይደነቅም፤ ከተደነቀም በአውታሮቹ ብዛት ይሆናል።

የአቶ ሙላቱ አስታጥቄ ጃዝ በዌልስ፥ በለንደንና በቦስተን የተማሩት ከአገራችን ቅኝት ጋር የተዋሐደበት ነው። «የከርሞ ሰው»ን ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የማታ ቡና ቤት ጠረን አለበትና ከጥናት ሰዓት ይልቅ ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይቈይ። አቶ ኃይሉ መርጊያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 በአሜሪካ ብቻቸውን በአኮርዲዮን የቀዱት ያሳዝናል፥ ያረጋጋልም፤ ከኋላ ቶክ ቶክ የሚለውን የከበሮ መኪና ብቻ አልወደድንለትም። እዚያ ውስጥ ያለው «ሸሞንሟናዬ» ግን የፍቅር ዘፈን ነው። እናቲቱ ቃሉን ያውቁታልና ለልጃቸው ይንገሯት፤ ከጓደኛዋ ከምትሰማው ይሻላል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ይህ ሁሉ ይቁም። ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ከበሮዋንና ጸናጽልዋን ታኖራለች፤ ቤትም ይከተላት። ለዚያ ጊዜ በገና አለ። የአቶ ዓለሙ አጋን ቅጂ ፈልጉ፤ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማሩ ናቸው። ከመዝሙሩ በፊት ያለ ቃል የሚደረደረውን ድርደራ በጽሞና አድምጡ። ከዐሥሩ አውታሮች የሚወጣው ያ የሚያንጎራጉር ድምፅ የሚገኘው በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከምትገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው፤ እርስዋ ብትወጣ በገናው ይዳከማል። በሰሙነ ሕማማት እርሱም ይሰቀል፥ ማጫወቻውም ይዘጋ። በትንሣኤ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግን፥ ዶሮ ወጡ እስኪሞቅ ድረስ የአቶ ጌታቸውን ሳክስፎን ከፍ አድርገው ቢከፍቱት ቅር አይለንም፤ ያን ሌሊት ጎረቤትም አልተኛም።