መንዝ የሚደርሰው የትኛው ቡና ነው?

ከደብረ ብርሃን ወዲያ ቡና አይጠጣም የሚል ወሬ አለ። ሾፌሩም፣ የፕሮጀክት ሠራተኛውም፣ ቀይ ቀበሮ ለማየት ጓሳ ወጥቶ የተመለሰው የአዲስ አበባ ልጅም ይህንኑ ይላል። ለምን ሲባሉ መልሳቸው ዝግጁ ነው። ደገኛ ቡና አያውቅም፤ አገሩ የገብስና የበግ አገር ነው፤ አረቄና ጠላ ከሆነ እሺ፣ ቡና ግን የሌላ ሰው ነገር ነው። አንዳንዱ ጨው መጨመሩን እየጠቀሰ ይስቃል።

ቡናው ብዙ ጊዜ መጥፎ መሆኑን አልክድም። መሐል ሜዳም፣ ሞላሌም፣ ራቤልም፣ ዓለም ከተማም ጠጥቻለሁ። ያረረ ቡና ገጥሞኛል፤ ከእርጥብ ጆንያ የወጣ የሚመስል፣ ሻጋታ ሻጋታ የሚል ቡናም ገጥሞኛል። የማልስማማው በጥፋተኛው ላይ ነው። እኛ ጥፋቱን የምንጭነው ረከቦት ፊት በተቀመጠችው ሴት ላይ ነው። እሷ ግን የምታፈላው የመጣላትን ነው። ጥያቄው ወደ እሷ ጆንያ ምን እንዲገባ የተፈቀደ ነው የሚለው ነው።

ከዚያ በፊት ግን መንገዱን እናንሳ፣ ምክንያቱም መንገደኛው የሚፈርደው በመንገድ ላይ በቀመሰው ነው። በትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች የሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎች ከሚያማርሩባቸው ነገሮች አንዱ ቡና ነው። ዙሪያህን ባሕር ከቦህ ሌላ ካፌ ልሞክር አትልም፤ የቀዱልህን ትጠጣለህ። የእኛ መርከብ ቅጥቅጡ ነው። ማለዳ ከላምበረት ተነስቶ ደብረ ብርሃንን ያልፋል፤ ጣርማበር ላይ ከደሴው መንገድ ይገነጠላል፤ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ እስኪገባ ድረስ ተሳፋሪ የሚጠጣው ሾፌሩ ባቆመበት ነው። ሾፌሩ ደግሞ የሚያቆመው ቡና በጣፈጠበት ሳይሆን እሱንና ረዳቱን በነፃ በሚያበላ ቤት ነው። ይህን የማያውቅ መንገደኛ የለም። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሲወርድበት ቤቱ ፋታ አይኖረውም። ሌሊት የተፈላው ከፔርሙስ ይቀዳል፣ ስኳሩ አስቀድሞ ገብቶበታል፣ ገና ሁለቴ ፉት ሳትሉ ጥሩምባው ይነፋል። ከዚያ «የመንዝ ቡና» ተብሎ ይታማል። ያ ቡና ከመንዝ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ የቅጥቅጥ ቡና ነው።

ለምትሄዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከወረዳችሁበት ሆቴል ወጥታችሁ ወደ ጎን ሃምሳ እርምጃ ያህል ሂዱና ጭስ ፈልጉ። ጥሬውን አጥባ ከፊታችሁ የምትቆላ ሴት ካገኛችሁ ተቀመጡ፤ ጥሩምባውም ይነፋ፣ ረዳቱ ሳይቆጥራችሁ አይሄድም። የቡና ሥርዓታችንን ለቱሪስት ስናስተዋውቅ ስለ ዕጣኑና ስለ ቄጤማው አውርተን ዋናውን እንዘላለን። እንግዳ ፊት መቁላት ወግ ብቻ አይደለም፤ የጥራት ምርመራ ነው። ፍሬውን በጥሬው አይተኸዋል። ጥቁሩን እየለቀመች ስትጥል አይተሃል። ሲቆላ ሸትቶሃል፣ ሲወቀጥ ሰምተሃል። የትኛው ላቦራቶሪ ነው ከዚህ በላይ በግልጽ የሚሠራ?

ተፈጭቶ በመጣ ቡና ላይ ግን ይህ ሁሉ የለም። ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ከቡና ጋር እንደሚደባለቅ የምንሰማው ዛሬ አይደለም። የትም ቢሆን ሌብነት ነው፤ መንዝ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ስድብም አለበት። የመንዝ ሰው ገብሱን አርሶ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ለከተማ ነጋዴ ይሸጣል፤ የቀረውን ቆልቶ ለቡና ቁርስ ያቀርባል። የራሱን ገብስ በቡና ዋጋ መልሰው ሊያጠጡት ሲመጡ ምን ይበል?

አሁን ወደ «ደገኛ ቡና አያውቅም» እንመለስ። ቡና 3000 ሜትር ከፍታ ላይ አይበቅልም፣ ውርጩ ይገድለዋል፤ ይህ እውነት ነው። ፊንላንድ ውስጥም አንድ የቡና እርሻ የለም፤ በነፍስ ወከፍ ቡና በመጠጣት ግን ከዓለም ግንባር ቀደሞቹ አንዷ ናት። ማብቀልና ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንዲያውም ከፍታው ለጀበና ይመቻል። 3000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ ለሚቀቅል ሰው ይህ መከራ ነው፣ ማገዶ ይፈጃል። ለቡና ግን ባለሙያዎች የሚመክሩት ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቴርሞሜትር የሚፈለገውን ሙቀት የመሐል ሜዳ ጀበና በተፈጥሮ ያገኘዋል።

ደገኛው ቡና የጀመረው ዘግይቶ ነው ካላችሁ፣ አዎ፣ ዘግይቶ ነው። ምክንያቱ ግን አለማወቅ አልነበረም። በሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ክርስቲያኑ ቡና እንዳይጠጣ በቤተ ክርስቲያን የተከለከለ ነበር፤ የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ1841 አንኮበር የገባው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪስም ነገሩን ታዝቦ ጽፎታል። ከአፋር በረሃ ወጥቶ በአልዩ አምባ ገበያ የሚያልፈውን ነጋዴ ክርስቲያኑ ያየው ነበር፤ ቡናውንም ያውቀው ነበር፤ አይጠጣውም እንጂ። ነገሩ የላላው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣት ሲጀምሩና አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጣሬ ሲያለዝቡ ነው። በሌላ አነጋገር የመንዝ ሰው ሲኒ ካነሳ መቶ ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። ያኔ ጥሩ ቡና ከደገኛው አፍ የራቀው በግዝት ነበር። ዛሬ የሚያርቀው አዋጅ ነው።

አዋጁን ልጥቀስ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602 ለውጭ ገበያ የሚሆን ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ከለከለ። አዋጁ ሲወጣ ምርት ገበያው ገና መቋቋሙ ነበር፤ ቡናውም በዚያ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ደረጃ ያገኘው ወደ ወደብ፣ ደረጃ ያጣውና ከላኪው መጋዘን የተመለሰው ወደ እኛ። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1051 ሲተካ ግብይቱ ከፈት ብሏል፤ አምራቹ በቀጥታ ለውጭ ገዢ እንዲሸጥ በሩ ሰፍቷል። የአገር ውስጥ ጠጪን የሚያየው ዓይን ግን ያው ነው፤ እኛ አሁንም የተመላሽ ማራገፊያ ነን።

ተመላሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንዳንዶቻችሁ አይታችሁት አታውቁ ይሆናል። የተሰባበረ፣ ነቀዝ የበሳው፣ ጥቁር የሆነ፣ ሲደርቅ እርጥበት አግኝቶት የሸተተ ፍሬ ነው። ይህን ቡና በልኩ ብትቆላው ጉድለቱ ሁሉ ሲኒው ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ እስኪጠቁር ይቆላል፤ ማሳረሩ ሽታውን ይሸፍናል። ያረረው ደግሞ ይመራል፤ ጨው መራራነትን ያለዝባል። አያችሁ ወዴት እንደምሄድ? ጨው የቆየ ልማድ ነው፣ ወዶት የሚጠጣው ብዙ ነው፣ እኔም ከቅቤ ጋር ሲሆን አልጠላውም። ማሳረሩን ግን «ቡና አለማወቅ» ብሎ መሳቅ አይገባም። የተበላሸ ዕቃ የተሰጣት ሴት የምታደርገው ጥገና ነው። ተመላሽ ቡናን ሊጠጣ የሚችል ማድረግ ይርጋጨፌን ከማፍላት የበለጠ ሙያ ይጠይቃል።

ከዚህም ላይ ርቀቱ አለ። ተመላሹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ይመረጣል፤ ከዚያ ደብረ ብርሃን ይመረጣል፤ ከዚያ የተረፈው ነው ጣርማበርን የሚሻገረው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ሰሞኑን ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ፣ ጆንያው መጋዘን ውስጥ ይከርማል፣ ዋጋው ይጨምራል። ጌራ ላይ ወይም ግሼ ላይ ያለች እናት ከመርካቶ ሸማች የባሰ ቡና በበለጠ ዋጋ ትገዛለች።

የዶላሩን ክርክር አውቀዋለሁ። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከ460 ሺህ ቶን በላይ ቡና ልካ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። የመንዝ ገበሬ የሚዘራበት ማዳበሪያ በዶላር ይገዛል፣ ነዳጁም መድኃኒቱም እንዲሁ። ይህ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን፤ ክልከላው ይህን ግማሽ አልቀነሰውም። ያደረገው ነገር ቢኖር የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰን መወሰን ነው። ጥሩውንም ቢሆን ከገበያ አላጠፋውም። ገንዘብ ያለውና ሰው የሚያውቅ አዲስ አበባ ውስጥ ምርጥ የሲዳማ ቡና ሲጠጣ አይተናል። የቀረበት ሰው የማያውቅ ነው። ለዓመታት የአገር ውስጡ ዋጋ ከውጭው በልጦ እንደነበር፣ ላኪውም ዶላሩን ለሌላ ዕቃ ማስገቢያ ስለሚፈልገው ብቻ በኪሳራ ይልክ እንደነበር ነጋዴው ሁሉ ያውቃል። አገር ውስጥ የተሻለ ዋጋ የሚከፍል ገዢ እያለ መሸጥ ወንጀል ከሆነ፣ የሚከሰረው ጠጪው ብቻ ሳይሆን ቡናውን የለቀመው ገበሬም ነው።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን የስሙ ጉዳይ ነው። መንግሥት በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ተነሣ፤ ከስታርባክስ ጋር ተፋጠጠ፤ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ። ያኔ ተማሪ ነበርን፣ ኮርተናል፣ መኩራትም ይገባን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ያው ስታርባክስ አሉር ኦፍ ዘ ሲስ በተባለው ግዙፍ መርከብ ላይ የመጀመሪያውን የባሕር ላይ ቡና ቤቱን ከፈተ። ባሕር የከበበው መንገደኛ እንኳን መፍትሔ ተገኘለት። የአገራችን ቡና ስሙን ይዞ እንዲጠራ ሲያትል ድረስ ሄደን ተከራክረን፣ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ያለው ጆንያ ስም የለውም። ከጅማ ይሁን ከወለጋ፣ የዘንድሮ ይሁን የካቻምና፣ ስንተኛ ደረጃ ይሁን የሚናገር ምልክት የለበትም። ሻጩ «የይርጋጨፌ ነው» ካለህ ታምናለህ፤ ወይም አታምንም። አሜሪካ ያለ ዘመድ ለእንቁጣጣሽ ሲመጣ በላዩ የተመረተበት ወረዳ የተጻፈበት የኢትዮጵያ ቡና በሻንጣው ይዞልን የሚመጣው ለዚህ ነው፤ እኛም አመስግነን እንቀበላለን።

የመንዝ ሰው በግ ሲገዛ ጥርሱን ከፍቶ ያያል፣ ላቱን በእጁ ይመዝናል፣ ወገቡን ይዳስሳል። በጆንያ የታሰረ በግ የሚገዛ የለም። ቡናን ግን እንደዚያ እንዲገዛ አድርገነዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ረጅም አይደለም። ለውጭ ገበያ የሚበቃ ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ወንጀል መሆኑ ይቅር፤ ዋጋውን የሚከፍል ይግዛው፣ ገበሬውም ሁለት ገዢ ይኑረው። ተመላሽም ይሸጥ፣ ግን ተመላሽ ተብሎ በተመላሽ ዋጋ። ይህ የአዲስ አበባ ሥራ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል። የሰሜን ሸዋ የንግድ ቢሮዎች ግን አዲስ አዋጅ ሳይጠብቁ የሚጀምሩት አለ። ከጅምላ ነጋዴ የሚወጣው ጆንያ ላይ የት እንደተመረተ፣ በየትኛው ዓመት እንደተሰበሰበና ስንተኛ ደረጃ እንደሆነ በአማርኛ ይጻፍ። የተፈጨ ቡና የሚሸጥበት ቤትም ናሙና ይወሰድበት። መናኸሪያዎቹ ደግሞ ቅጥቅጡ ስንት ደቂቃ የት እንደሚቆም ሲደለድሉ ለሾፌሩ ምሳ ሳይሆን ለተሳፋሪው ይጨነቁ፤ ጀበና ይዘው የሚሠሩ ሴቶች በመናኸሪያው ውስጥ ቦታና ጥላ ይሰጣቸው። አሁን በየመናኸሪያው የሚታየው ተቃራኒው ነው። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሣው የእሷ ከሰል ማንደጃ ነው፤ የፔርሙሱን ቡና የሚነካው የለም።