የጤና ኬላው ማቀዝቀዣ ለማን ይንገር?

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የተጓዘ ሰው የስልኩን ነገር ያውቀዋል። መኪናው ደጋው ላይ ሲወጣ ኔትወርኩ ይመጣል፤ ወደ ሸለቆ ሲወርድ ይጠፋል። ቀጣዩ ኮረብታ ላይ ሲደረስ ያመለጡት መልዕክቶች በሙሉ ተግተልትለው ይገባሉ። ለመንገደኛ ይሄ ብዙም ችግር አይደለም። «ኔትወርክ የለም» ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ሸለቆው ውስጥ ለሚኖረው ሰውና እዚያ ለሚተከለው መሣሪያ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የትኛው መሣሪያ? እስቲ በአንድ የጤና ኬላ ማቀዝቀዣ እንጀምር። የሕፃናት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መጠን መቀመጥ አለበት። ብዙዎቻችን የምንፈራው ሙቀቱን ነው። እንደ ቦረና፣ ለጋምቦና አማራ ሳይንት ባሉ ደጋማ ወረዳዎች ግን ቅዝቃዜውም ያሰጋል። ፔንታቫለንት የሚባለው አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ የሚከላከል ክትባት፣ የቴታነስ ክትባትም እንዲሁ፣ አንዴ በረዶ ከሆኑ አበቃላቸው። ከቀለጡ በኋላ ደግሞ ብልቃጡን በዓይን አይቶ መበላሸቱን ማወቅ ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። እናት ልጇን አዝላ ሰዓታት በእግሯ ተጉዛ ታስከትባለች፤ ካርዱም ላይ ይመዘገባል። ልጁ ግን አልተከተበም። ይህንን ማንም አያውቅም፤ የሚታወቀው በሽታው ሲመጣ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን አይታ በወረቀት ትመዘግባለች። ጥሩ ነው፤ ግን ሌሊትስ? እሷ ቤት ለቤት ስትዞር በምትውልበት ቀንስ? ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ዓለም ላይ ከተሠራ ቆይቷል። ማቀዝቀዣው ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ሴንሰር አለች። መጠኑ ከ8 ዲግሪ በላይ ሆኖ ለ10 ሰዓታት ከቆየ፣ ወይም ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ወርዶ አንድ ሰዓት ከሞላው፣ ማስጠንቀቂያ ትልካለች። ባለሙያዎቹ እንዲህ በራሳቸው መረጃ የሚልኩ ዕቃዎችን «ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ» ይሏቸዋል። በእኛ አነጋገር ማቀዝቀዣው አፍ አወጣ ማለት ነው።

ታዲያ አፍ ማውጣቱ ብቻውን ምን ይጠቅማል፣ የሚሰማው ከሌለ? አብዛኛዎቹ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የሚናገሩት በሲም ካርድ ነው። የሞባይል ኔትወርክ ባለበት ይሠራሉ፤ በሌለበት ዝም ይላሉ። እርዳታውን በብርቱ የሚፈልገው ደግሞ ኔትወርክ የሌለበት ጤና ኬላ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ቦታ አንድ መንገድ ብቻ ያለው መሣሪያ አንግዛ።

መንገዶቹ ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ዋይፋይ ርካሽ ነው፤ ለእያንዳንዱ መልዕክት ሒሳብ አይጠይቅም። ግን ከግቢ ብዙም አይርቅም፤ ከጀርባውም የኢንተርኔት መስመር ያስፈልገዋል። ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ይሆናል። የሞባይል ኔትወርክ ሩቅ ይሄዳል፤ የቀድሞው 2ጂ በስሌት እስከ 35 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህ ስሌት ግን የወሎን ተራራ አያውቅም። ማማው ቅርብ ሆኖ መሐል ላይ አንድ ገደል ከቆመ አበቃ። ሳተላይት ደግሞ ከላይ ስለሚያይ ማማ አይፈልግም። ለምሳሌ ኢሪዲየም የተባለው 66 ሳተላይቶች ያሉት መረብ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ ምድርን በሙሉ ይሸፍናል። ከመሣሪያ ተነስቶ በአንድ ጊዜ የሚላከው አጭር መልዕክት እስከ 340 ባይት ነው፤ ለሙቀት መረጃ ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ መልዕክቱ ውድ ነው፣ ሲልክ ባትሪ ይበላል፣ ገላጣ ሰማይም ይፈልጋል። ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርድ ጠባብ ገደል ሥር ሳተላይቱ እስኪያልፍ መጠበቅ ሊኖር ይችላል።

እንግዲህ አንዱን ከአንዱ ማጣላት አያስፈልግም። ከመካነ ሰላም ዕቃ የሚልክ ነጋዴ መኪና እስከሚገባበት በመኪና ይልካል፤ ከዚያ ወዲያ በአህያ ይጭናል፤ አህያ በማይወጣው ላይ ሰው ይሸከማል። ሸክም የሚያሸክመው ግን ለሚያስፈልገው ብቻ ነው። መሣሪያውም እንደዚሁ ይሥራ። ዋይፋይ ካገኘ በእሱ ይላክ። ካጣ ወደ ሞባይል ኔትወርክ ይዙር። ሁለቱም ከሌሉ የዕለት መዝገቡን በራሱ ማኅደር ያስቀምጥና መንገድ ሲያገኝ ይላከው። «ክትባቱ ሊበላሽ ነው» የሚለውን ብቻ ግን ሳይውል ሳያድር በሳተላይት ያድርስ። እንዲህ ከሆነ ውዱ መንገድ የሚከፈልበት ለጭንቅ ቀን ብቻ ይሆናል።

«እኛ የራሳችን ሳተላይት አለን አይደል?» የሚል አይጠፋም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ምድርን ፎቶ የምታነሳ ነበረች እንጂ መልዕክት የምታደርስ አይደለችም። «ማማ ቢተከል አይሻልም ወይ?» የሚለውም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ይተከል! ግን ማማው መብራት ይፈልጋል፣ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ጠጋኝ ይፈልጋል። በየሸለቆው እስኪደርስ የሚወለዱ ልጆች አይጠብቁም።

ደግሞም ማማ ያለበትም ዋስትና የለውም። በ2015 ዓ.ም ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በምክንያቱ ላይ መከራከር የዛሬው ጉዳያችን አይደለም። የሚያሳስበን በዚያ መስመር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ መሣሪያ ሁሉ አብሮ ዲዳ መሆኑ ነው። የክትባት ሙቀትና የወንዝ ሙላት የማንም ወገን ምስጢር አይደሉም፤ በማንኛውም ቀን ማለፍ ያለባቸው መልዕክቶች ናቸው።

ሳተላይት ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነም ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። ከ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳተላይት የሚመጣ የ«ፕላዝማ» ትምህርት ተከታትለዋል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋ ነበር። ሳህኑ ወይም ቴሌቪዥኑ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ከሩቅ ይጠበቃል። አስተማሪውም ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ቆሞ ይጠብቃል። ያኔ የጎደለው ሁለተኛ መንገድና አቅራቢያ ያለ ባለሙያ ነው። ዛሬም እነዚህ ሁለቱ ከጎደሉ ውጤቱ ያው ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች መሣሪያው ቢያንስ በሁለት መንገድ እንዲልክና የራሱ ማኅደር እንዲኖረው በስፔሲፊኬሽናቸው ይጻፉ። ናሙናውም አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን በሐምሌ ጭጋግ፣ ሸለቆ ውስጥ ይፈተሽ። ሁለተኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለእነዚህ ጥቃቅን የሳተላይት መልዕክቶች ቀላልና ግልጽ የፈቃድ መንገድ ያበጅ። ቴክኖሎጂው ራሱ እየቀረበ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የጸደቀው ሪሊዝ 17 የተባለው ዓለም አቀፍ የሞባይል መስፈርት ለጥቃቅን መሣሪያዎች የተሠራው የሞባይል ግንኙነት በሳተላይትም እንዲሠራ መንገድ ከፍቷል። ሦስተኛ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ አለው። ተማሪዎቹ የየቀበሌውን ሸለቆ ዞረው የትኛው መንገድ የት እንደሚሠራ ቢለኩ፣ ከዚያም መሣሪያውን መጠገን ቢማሩ፣ ጠጋኝ ከደሴ አይጠበቅም ነበር።

አራተኛውና ከሁሉም የሚከብደው የሰው ነው። መልዕክቱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲደርስ የማን ስልክ ነው የሚጮኸው? ሞተር ሳይክል ያለው፣ ቁልፉ በእጁ የሆነ፣ ክትባቱን ወደ ሌላ ማቀዝቀዣ ለማዛወር ሥልጣን ያለው ሰው በስም ካልታወቀ ሦስቱም መንገዶች በከንቱ ተዘረጉ። መሣሪያው ይናገራል እንጂ ማቀዝቀዣ አይጠግንም።

በአንድ ጊዜ ሁሉንም ጤና ኬላ ማዳረስ አይቻል ይሆናል። ኔትወርክ በማይደርስባቸው ጥቂቶች መጀመር ግን ይቻላል። ከእነሱ ከተጀመረ ዝናብ መለኪያውም፣ የወንዝ ሙላት መለኪያውም በዚያው መንገድ ይከተላል። አባቶቻችን አንድ እንጨት አይነድም ያሉት ለዚህ ነው። ሦስቱን አብረን እናንድዳቸው፤ እናቲቱ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛ የምታስከትበው ክትባት እውነተኛ ክትባት ይሁን።