አያ ጅቦስ ለምን ይከለከላል?

ባለፈው ቅዳሜ ከጨዋታ ክበባችን አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ አኩርፎ ሄደ። «አያ ጅቦን ሆኜ ልጫወት» ቢል፣ የጨዋታው መሪ «የተፈቀዱት ሰው፣ ኤልፍና ድንክ ብቻ ናቸው» ስላለው ነው።

እኔ በበኩሌ ፍርዱን አልተቀበልሁትም። ይህ በወረቀትና በዳይስ የምንጫወተው ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ራሱ ተጫዋቹ ከደካማነት ተነሥቶ ቀስ በቀስ እስካደገ ድረስ ማንኛውንም ፍጥረት ለማለት ይቻላል እንዲሆን ፈቅዶለት ነበር። እርግጥ ነው፣ ከደራሲዎቹ አንዱ ጋሪ ጋይጋክስ በ1979 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን አጥብቆ፣ ጭራቅ ልሁን የሚለው ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ በጓደኞቹ ላይ ለመሠልጠን ነው ሲል ጽፏል። ስጋቱ እውነት አለው፤ አንዱ ዘንዶ ሆኖ ሲበርር ሌሎቻችን ተመልካች እንሆናለን።

ዳሩ ግን የእኛ ልጅ ጉልበት አልጠየቀም። አያ ጅቦ በተረታችን ጦጢት የምታታልለው፣ ሆዱ የሚያሸንፈው ምስኪን ነው። ኤልፍን ከባዕድ መጽሐፍ ተዋወቅነው፤ ጅብን ግን ከእናቶቻችን ጭን ላይ ሆነን ሰማነው። ታዲያ እንግዳው የቱ ነው? (ነገ ደግሞ የአሞራ ገደልን አባ ኮዳ ልሁን የሚል አይጠፋም፤ እርሱን እስከ አምስተኛው ደረጃ ክንፉን እናስረዋለን።)

መሪያችን ገደቡን ብቻውን ከሚቆርጥ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ዳይሱ ሳይጣል ለሁላችን ያቅርብልን። ልጁንም ያገኘው ቢኖር ወንበሩ አሁንም ባዶ መሆኑን ይንገርልን።